ሁለተኛው ስም
(ለሴት ልጅ ስም ስለ ማውጣት በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ የምንናገረው ለሴት ልጅ ስም ስለ ማውጣት ነው። ርእሱ በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ ፈገግ ያሉ ጓደኞች ነበሩ። ስም ማውጣት የወላጅ ጉዳይ ነው፤ ከጠመኔና ከሰሌዳ ያልተለየ ተማሪ ምን አግብቶት ይናገርበታል የሚል ቢኖር አንቀየመውም። እኛም ወላጆችን ለማስተማር አልተነሣንም። በዚህ በጋሞ አገር ተቀምጠን የስም ዝርዝር ስንመለከት አንድ የሚያስጨንቅ ሒሳብ ስላገኘን እሱን ከእናንተ ጋር ለመመርመር ፈልገን ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ የሚሞላው ቅጽ ሦስት ዓምድ አለው፤ ስም፥ የአባት ስም፥ የአያት ስም። ዩኒቨርሲቲ ስንገባም ይኸው ነው፤ የመኝታ ክፍል ድልድል በግድግዳ ላይ ሲለጠፍም ይኸው ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ የጋሞን ልጆች ለይታችሁ ከቀኝ ወደ ግራ አንብቡ። በአያት ዓምድ ውስጥ ብዙ ጊዜ የጋሞ ስም ታገኛላችሁ። በአባት ዓምድ ውስጥ የጋሞውና የአማርኛው ይቀላቀላል። በመጀመሪያው ዓምድ ውስጥ ግን ሩት፥ ሐና፥ ትዕግሥት፥ ምሕረት፥ ቤተልሔም የሚሉት ይበዛሉ። በሚመጣው ትውልድ እያንዳንዱ ስም አንድ ዓምድ ወደ ቀኝ ይገፋል፤ በአያት ቦታ የነበረውም ከወረቀቱ ይወድቃል። አራተኛ ዓምድ የለምና።

ይህ የጋሞ ነገር ብቻ አይደለም። ከአርሲ ከበቆጂ የወጡትን እኅትማማች ሯጮች አስቡ፤ እጅጋየሁ፥ ጥሩነሽ፥ ገንዘቤ። ሦስቱም የአማርኛ ስሞች ናቸው፤ ከኋላ የሚከተለው ዲባባ የኦሮሞ ስም ነው። የውጭ አገር ጋዜጠኛ «ዲባባ አሸነፈች» እያለ ሲጽፍ የጠራው አባታቸውን ነው፤ ሳያውቀውም ቢሆን ዓምዱን በትክክል አንብቦታል። ከእነዚህ ስሞች ማናቸውንም ለመንቀፍ አይደለም የምንናገረው። ጥሩነሽ የሚያምር ስም ነው፤ ሩትም እንዲሁ። የምንጠይቀው የሚወድቀው ስም ወዴት እንደሚሄድ ነው።

እዚህ ላይ ነው ሴት ልጅ ከወንድ የምትለየው። የወንድ ልጅ ስም ሦስት ዕድሜ አለው። መጀመሪያ የራሱ ነው፤ ቀጥሎ የልጁ ሁለተኛ ስም ይሆናል፤ ከዚያ የልጅ ልጁ ሦስተኛ ስም ይሆናል። ሰውየው ሞቶ እንኳ ስሙ በየመሥሪያ ቤቱ ሲጠራ ይኖራል። የሴት ልጅ ስም ግን አንድ ዕድሜ ብቻ ነው ያለው። ልጆቿ በአባታቸው ስም ይጠራሉ፤ የልጅ ልጆቿም እንዲሁ። እሷም ራሷ የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች በኋላ በሠፈሩ «የእገሌ እናት» ትባላለች። ስለዚህ የጋሞ ስም ለወንድ ልጅ ወጥቶ በመጀመሪያው ዓምድ ባይጻፍ፥ የአባቱ ወይም የአያቱ ጥቂት ጊዜ ያቆየዋል። ለሴት ልጅ የወጣው የጋሞ ስም ግን በራሷ ዓምድ ካልተጻፈ የሚጻፍበት ሌላ ቦታ የለውም። አያታችን ማን ይባሉ ነበር ተብለን ብንጠየቅ የአባታችንን አባት ስም ሁላችንም እንናገራለን። የእናታችንን እናት የቤት ስም የምናውቅ ስንቶች ነን?

በጋሞ ደጋ፥ በዲታ፥ የሕዝብ መሪ ስለነበሩት ስለ ወይዘሮ ጪማቴ ጩምባሎ ጁዲት ኦልምስቴድ የተባለች አሜሪካዊት የአንትሮፖሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1997 አንድ መጽሐፍ አሳትማለች። ስማቸው በዚህ ምክንያት በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። ሴት ልጅ ሁሉ ግን መጽሐፍ የሚጽፍላት ሰው አታገኝም።

አሁን ደግሞ ሁለቱ ስሞች ከየት እንደ መጡ እንመልከት። በጋሞ አገር ብዙ ሴት ልጅ የቤት ስምና የትምህርት ቤት ስም አላት። የቤቱን አያት ወይም አክስት በጋሞኛ ታወጣዋለች፤ ሌላውን ቤተ ክርስቲያን፥ መምህር፥ ወይም የከተማ ዘመድ ያወጣዋል። አባት ሸማኔ ሆኖ ወደ አዲስ አበባ፥ ወደ ሽሮ ሜዳ የወጣ እንደሆነ ልጆቹ እዚያ ሲወለዱ ስማቸው የከተማውን መልክ ይይዛል። ሽሮ ሜዳ ላይ እንኳንስ የልጅ ስም የሕዝብ ስምም አይተርፍም፤ ከዶኮም ይምጣ ከጨንቻ ሸማ የሚሠራ ሁሉ «ዶርዜ» ነው የሚባለው። ከቆላው ወገን ደግሞ በመንደር የሚታወቅበትን ስም ይዞ ትምህርት ቤት የሄደ ልጅ «ይህ ስም ለመዝገብ አይመችም» ተብሎ በሌላ ስም ተጽፎ ወደ ቤቱ የተመለሰበት ታሪክ በየቤቱ ይነገራል። ይህ የተደረገው ሁልጊዜ በክፋት አይደለም። ጸሓፊው የማያውቀውን ድምፅ በሚያውቀው ተካው፤ ወላጁም ልጁ በከተማ ሰው ፊት እንዳያፍር ብሎ ዝም አለ።

ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሚወጣ ስም ግን ሲጸናም ሳይጸናም እናያለን። ከዚህ ግቢ ቁልቁል የሚታየንን ዓባያ ሐይቅን ቪቶሪዮ ቦተጎ የተባለው ጣሊያናዊ አሳሽ እ.ኤ.አ. በ1896 በንግሥቲቱ ስም «ማርጌሪታ» ብሎ ሰየመው፤ ጎረቤቱ ጫሞም በአንድ ልዑል ስም «ሩስፖሊ» ተባለ። በአውሮፓ ካርታዎች ላይ ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ታተመ። የዓሣ አጥማጁ አፍ ግን ዓባያን ዓባያ፥ ጫሞን ጫሞ ከማለት አልተመለሰም፤ በመጨረሻም ካርታው ተሸነፈ። ኋላ ደግሞ የወላይታ፥ የጋሞ፥ የጎፋና የዳውሮን ስም የመጀመሪያ ፊደሎች በመገጣጠም «ወጋጎዳ» የሚባል የጋራ የመማሪያ ቋንቋ ስም ተፈጠረ። በወላይታ ሶዶ ደም እስከ መፍሰስ የደረሰ ተቃውሞ ከተነሣ በኋላ ቀረ። ስሞችን ማጋጠም በዚህ አገር ቀልድ አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን። ሕፃን ልጅ ግን እንደ ዓሣ አጥማጁ የምትከራከርበት አፍ የላትም፤ የተጻፈላትን ይዛ ታድጋለች።

እንግዲህ ለአንዲት ልጅ ሁለት ስም ማውጣት አዲስ ነገር ነውን? ከቶ አይደለም። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ በ40 ቀኑ፥ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ሌላ ስም ትቀበላለች። ይህም ስም ራሱ ባለ ሁለት እጅ ነው፤ ወለተ ማርያም፥ አመተ ጊዮርጊስ፥ አስካለ ማርያም፥ ጽጌ ማርያም። እቴጌ ጣይቱ ብጡል ክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል ነበር፤ ንግሥት ዘውዲቱ አስካለ ማርያም፤ እቴጌ መነን ወለተ ጊዮርጊስ። በዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን የካቶሊክን እምነት ተቃውመው የተነሡት ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ደግሞ በዚሁ ባለ ሁለት እጅ ስም ብቻ ነው የሚታወቁት። በብርብር ማርያምና በሌሎቹ የጋሞ አድባራት የተጠመቁ ሴቶችም ይህን ስም ይዘዋል። በቅዱስ ቁርባንና በፍትሐት ጊዜ የሚጠራው እሱ ነው። ስለዚህ አንዲት የጋሞ ሴት የቤት ስም፥ የትምህርት ቤት ስምና የክርስትና ስም፥ በጠቅላላው ሦስት ስም ኖሯት ከሦስቱ አንዱ ብቻ በመዝገብ ሊገኝ ይችላል።

ሕጉስ ምን ይላል? የሕግ ተማሪዎች ጓደኞቻችን በዚህ ነገር ረድተውናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 32 ጀምሮ ስለ ስም ይናገራል። አንድ ሰው የቤተ ዘመድ ስም፥ አንድ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የግል ስም፥ እንዲሁም የአባት ስም ይኖረዋል ይላል። የቤተ ዘመድ ስም የሚለውን ሕዝቡ አልተቀበለውም፤ በሕጉ መጽሐፍ ውስጥ ተኝቶ ቀረ። ነገር ግን ከዚያው አጠገብ አንድ ሌላ ነገር ተጽፎ ይገኛል። የልጁን የግል ስም አባት ያወጣል፤ እናት ግን፥ እሷ ባትኖር የእናት ወገን፥ ሌላ የግል ስም ልትጨምርለት ትችላለች። ይህን ስናነብ ተገረምን። አባት አንድ፥ እናት አንድ! ለሴት ልጅ የጠበበው ዓምድ በሕጉ ውስጥ ሰፍቶ ተቀምጦ ነበር። ለብዙ ዘመን ግን የልደት መዝገብ በአገሩ ሁሉ ስላልተቋቋመ አንቀጹን የሚሠራበት ቦታ አልነበረም። መዝገቡ የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ሲሆን ሥራው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው።

የእናት ወገን የሚያወጣው ስም በሌላ አገር ምን እንደሚመስል ለማየት አንድ ሩቅ አገር እንጥቀስ። በስኮትላንድ የቀድሞ ልማድ የመጀመሪያዪቱ ሴት ልጅ በእናቷ እናት ስም ትጠራለች፤ ሁለተኛዪቱ በአባቷ እናት፤ ሦስተኛዪቱ በእናቷ በራሷ። ከመጀመሪያው ስም ቀጥሎ በመካከል የሚገባ ሁለተኛ ስምም አለ፤ በዚያ ቦታ ብዙ ጊዜ የእናትዮዋ የትውልድ ቤት ስም ይገባበታል። ስለዚህ ስኮትላንዳዊት ሴት ስሟን በሙሉ ስትጽፍ የእናቷ ወገን በመካከሉ ተቀምጦ ይታያል። አባትን ለማክበር ሲፈልጉ ደግሞ የወንዱን ስም ወደ ሴት ይለውጡታል፤ ከዊልያም ዊልያሚና፥ ከዶናልድ ዶናልዲና። እ.ኤ.አ. በ1857 በደንዲ ከተማ ተወልዳ በአሜሪካ በሃርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ የሠራችው ሳይንቲስት ዊልያሚና ፍሌሚንግ እንዲህ ያለ ስም ነበራት። እኛ ይህን አያስፈልገንም፤ የአባት ስም ሳይለወጥ ይከተለናልና።

ነገር ግን ከስኮትላንድ የሚያሳዝነንም አለ። በሰሜኑ ተራራማ አገር ሕዝቡ የሚናገረው ጌሊክ የተባለ ቋንቋ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ጸሓፊ፥ ኋላም እ.ኤ.አ. በ1855 የልደት መዝገብ ግዴታ ከሆነ ወዲህ የመንግሥቱ መዝጋቢ፥ ስሙን የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነበር። በቤት ሞራግ የተባለችውን «ሣራ» ብሎ ይጽፋታል፤ ቤሃክ የተባለችውን «ርብቃ» ይላታል። ትርጉሙ አይገናኝም፤ ድምፁም እምብዛም አይቀራረብም፤ እንዲያው ልማድ ሆነ። ልጅቱ በመንደር ሞራግ፥ በወረቀት ሣራ ሆና ኖረች። ሣራና ርብቃ! ከዝርዝራችን የመጀመሪያ ዓምድ ላይ የምናገኛቸው እነዚሁ አይደሉምን? የሁለቱም አገር ጸሓፊ ከአንድ መጽሐፍ ተበደረ። ልዩነቱ ሞራግ የሚለው ስም ኋላ በራሱ ፊደል ተጽፎ መዝገብ መግባቱና በስኮትላንድ የታወቀ የሴት ስም መሆኑ ነው።

ወደ ራሳችን እንመለስና፥ ሁለቱን ስሞች እንዴት እናጋጥማለን? ይህ የዛሬው ንግግራችን ዋና ነገር ነው።

በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ስም የሚጋጠመው ከአባት ስም ጋር ነው። አባት በቀለ ሆኖ ልጅቱ አበባ ብትባል «አበባ በቀለ» ይሆናል። አባት ታየ ቢሆን «ፀሐይ ታየ»፥ አባት ደረሰ ቢሆን «ሰላም ደረሰ» ይሆናል። ሳያዳምጡ ያወጡት እንደሆነ ደግሞ «ደስታ ዘገየ» ይመጣል፤ ልጅቱም በየክፍሉ ስሟ በተጠራ ቁጥር ስትሣቅባት ትኖራለች። አባቱ የጋሞ ስም ያለው እንደሆነ ይህ ጨዋታ አይሠራም፤ ሁለት ቋንቋ አንድ ዓረፍተ ነገር አይሆንምና። ዛፉን ግን ተመልከቱት። በቆላው ማሳ ሁሉ የምናየውን፥ ቅጠሉን የምንበላውን ዛፍ ጋሞው «ሀለኮ» ይለዋል፤ አማራው «ሽፈራው» ብሎ የሰው ስም ሰጥቶታል። አንድ ዛፍ በሁለት ስም ሲኖር ቅጠሉ አልመረረም።

አሁን ለሙከራ ያህል ጥቂት የጋሞኛ ቃላት እንውሰድ፤ ሳሮ፥ ሰላም ማለት ነው፤ ሲቆ፥ ፍቅር፤ ኡፋይሳ፥ ደስታ፤ ፖኦ፥ ብርሃን። ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው አንዱን ስም በሌላው መተርጎም ነው፤ በቤት ሳሮ፥ በትምህርት ቤት ሰላም። እኛ ይህን አንመርጥም። ሁለት ስም አንድ ነገር የሚናገሩ ከሆነ አንዱ ትርፍ ይሆናል፤ ትርፍ የሆነውን ደግሞ ጸሓፊው ይሰርዘዋል፤ የትኛውን እንደሚሰርዝ መንገር አያስፈልግም። ሁለቱ ስሞች እንደ ድርና ማግ የተለያየ ሥራ ቢኖራቸው ይሻላል። አንዱ ልጅቱ ከማን ወገን እንደ መጣች ይናገር፤ ሌላው ወላጆቿ የተመኙላትን ይናገር። የእናቷ እናት የቤት ስም ሕያው ከሆነና ከተወደደ ከዚህ የተሻለ ስም ፍለጋ መድከም አያስፈልግም።

ትልቁ ችግር ሌላ ነው። በአገራችን ሁለተኛ ሆኖ የሚጻፍ ስም ሁሉ የአባት ስም መስሎ ይነበባል። «ትዕግሥት ሲቆ» ብለን ብንጽፍ አንባቢው ሲቆን አባቷ ያደርገዋል፤ እውነተኛው አባት አያት ይሆናል፤ አያቱም ከወረቀቱ ይወድቃል። እንደ ስኮትላንዶች የመካከል ስም ይኑረን ማለት ስለዚህ አይሆንም፤ መካከሉ በአባት ተይዟል። መፍትሔው ቀድሞውኑ በእጃችን ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ወለተ ማርያምን እንዳደረገችው ሁለቱን ስሞች በአንድ ዓምድ ማስቀመጥ ነው። «ሳሮ ማርያም» ብንል በኢትዮጵያ ጆሮ እንግዳ አይሆንም፤ ማርያም የሚለው ቃል አባት አለመሆኑን ማንም ያውቃልና። ወንጌላውያኑ «ሲቆ ሐና» ለማለት ቢፈልጉ በመካከሉ ጭረት ያግቡበት፥ ወይም አጋጥመው ይጻፉት። ከአገር ውጭ የሚሄድ ሰው ደግሞ አጋጥሞ ቢጽፍ ይበጀዋል፤ ለያይቶ የጻፈው እንደሆነ የውጭ አገር ቅጽ ማርያምን ከሳሮ ነጥሎ የቤተሰብ ስም ያደርጋታል።

ስለ አጻጻፍም አንድ ነገር እንበል። ፖኦ የሚለው ቃል በመካከሉ በጉሮሮ የሚቆረጥ ድምፅ አለው። በግዕዝ ፊደል «ኦ» ብለን እናሳየዋለን፤ በላቲን የሚጽፉት የጋሞኛ መጻሕፍት ግን በ7 አኃዝ ያመለክቱታል። በስም መካከል ሰባት ቁጥር ያየ መዝጋቢ ምን እንደሚል መገመት አያስቸግርም። ስለዚህ ወላጅ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሲሄድ ስሙን በአፍ ከመናገር ይልቅ አስቀድሞ በግዕዙም በላቲኑም በወረቀት ጽፎ መያዝ አለበት፤ በላቲኑ ሰባቱን ይተወው። ጸሓፊ የሰማውን ሊያሳስት ይችላል፤ ያየውን ለማሳሳት ግን ይከብደዋል።

ከእኛው መካከል የተነሣ ተቃውሞም አለ። አንዳንዱ ጓደኛችን «ስም ሲረዝም ወረቀት ሲሳሳት ይኖራል፤ በምስክር ወረቀት አንድ፥ በመታወቂያ ሌላ ሆኖ ልጅቱ በየቢሮው ትንከራተታለች» ይላል። ይህ እውነት ነው። ስለ ዲጂታል መታወቂያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከጸና ወዲህ ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ስም ከፋይዳው ጋር አንድ እንዲሆን ይፈለጋል። ነገር ግን መንከራተቱ የሚመጣው ከሁለት ስም አይደለም፤ ከሁለት መዝገብ ነው። የቤቱ ስም ከመጀመሪያው ቀን በአንድ ዓምድ ቢገባ የሚለያይ ወረቀት አይኖርም። ሌላው ደግሞ «የጋሞ ስም ይዛ አዲስ አበባ ሥራ ስትጠይቅ በስሟ ይፈርዱባታል» ይላል። ለዚህ የምንሰጠው አጭር መልስ የለንም። ሁለት ስም በአንድ ዓምድ ያላት ልጅ ግን አድጋ በየትኛው እንደምትጠራ ራሷ ትመርጣለች። አንድ ብቻ የተጻፈላት የምትመርጠው የላትም።

ለአዲስ ወላጆች የምንነግረው አንድ የሥራ ነገር ቀርቷል። በ2004ቱ አዋጅ መሠረት ልደት የሚመዘገበው በ90 ቀን ውስጥ ነው። የሴት ልጅ ክርስትና በ80 ቀን ነው። ልማዱን የሚጠብቅ ቤተሰብ የክርስትናውን ስም ከተቀበለ በኋላ ዐሥር ቀን ይቀረዋል ማለት ነው። በእነዚህ ዐሥር ቀናት አያቶች ይጠየቁ፤ የእናት እናት በሕይወት ካለች ስሟን በጋሞኛ ራሷ ታሰማ፤ ሁለቱ ስሞች ከአባት ስም ጋር በአንድነት ሁለት ሦስት ጊዜ ጮክ ተብለው ይነበቡ፤ ቢቻልም ከአንዱ ጋራ ወደ ሌላው እንደሚጣራ ሰው ከሩቅ ይጠሩ። ከዚያ ወረቀቱን ይዞ ወደ ቀበሌ መሄድ ነው፤ ቢሮው ከሰኞ እስከ ዓርብ ክፍት ነው።